ለሰርግ የተባለችው ፍሬም

መልአኩ የጄኔሬተሩን ገመድ ይጎትታል፣ ያጉረመርማል፣ እንደገና ይጎትታል። "ተነስ አንተ ሰነፍ! ተነስ እንጂ!" ይለዋል፣ ሰው ይመስል። ጄኔሬተሩ አንዴ ያስነጥስና ዝም ይላል። ላቡን በክንዱ ጠርጎ ቀና ሲል ቄስ ገብረ ሊባኖስ በአሸተን መንገድ ቁልቁል ሲመጡ አየ። መምጣት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ሰባን ያለፉ ካህን ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ጋድሎ፣ ዘንጋቸውን ድንጋዩ ላይ እያንኳኩ፣ እንደ ጎረምሳ እየሮጡ ነው የሚወርዱት። መልአኩ ገመዱን ለቀቀው። በዚያ ዓመት ሽማግሌ የሚሮጠው ለደግ ነገር አልነበረም።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ነው። ጦርነቱ ላስታን ረግጦ አልፎ ወደ ሌላ ግንባር ዞሯል፤ ላሊበላ ግን ገና ከድንጋጤዋ አልተመለሰችም። መብራት የለም። ኔትወርክ መጣ ሲሉት ይጠፋል። ቱሪስት የሚባል ፍጥረት ከከተማው ከጠፋ ሰንብቷል፤ የሆቴሎቹ አልጋ አቧራ ለብሷል። በደህናው ጊዜ የመልአኩ ፎቶ ቤት ሙሽራ፣ ክርስትና የተነሳ ሕፃን፣ ዲቁና ተቀብሎ የመጣ ልጅና የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው አይጠፋበትም ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። ኮት የሌለው ሁሉ ያንኑ ለብሶ ይነሳል፤ ግማሹ ላሊበላ በዚያ ኮት ነው መታወቂያ ያወጣው ቢባል ውሸት አይደለም። አሁን ግን ሥራው ሁሉ አንድ ሆኖ አረፈ፤ የለቅሶ ፎቶ። ልጅ ይሞታል፣ ሬሳው አይመጣም፣ ፎቶው ይመጣል። መልአኩ ከስልክ ላይ ቆርጦ፣ አጥርቶ፣ አሳድጎ፣ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ያስረክባል። ለቅሶው ላይ ሬሳው ሊሆን በሚገባው ቦታ ያ ፎቶ ይቆማል።

መርዶ ደግሞ ወግ አለው። ሰው የልጁን ሞት መንገድ ላይ አይሰማም። ዘመድ ከያለበት ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ የነፍስ አባትና ሽማግሌዎች ጎረቤት ቤት ተደብቀው ያድራሉ፤ ባለ ሐዘኑ ምንም ሳያውቅ እህል ቀምሶ እንዲተኛ ይደረጋል። ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወሬውን የሰማ ሁሉ አፉን ይለጉማል፤ ያመለጠው ሰው ስሙ በክፉ ከነልጅ ልጁ ይነሳል። ፎቶው ለለቅሶው መድረስ አለበትና እንግዲህ ፎቶ አንሺው ከእናት ቀድመው ከሚያውቁት አንዱ ሆነ። ማን ይሄን ዕዳ ጫነብኝ ይላል መልአኩ አንዳንዴ፣ ብቻውን ሲሆን።

"ግባ፣ ወደ ውስጥ ግባ" አሉ ቄስ ገብረ ሊባኖስ፣ ሰላምታም ሳይሉ። ከካባቸው ሥር መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡ።

"ማን ነው አባቴ?"

"ደሳለ።"

"የቱ ደሳለ?" አለ መልአኩ። የቱ እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም ሰው ይጠይቃል፤ ምናልባት ሌላ ደሳለ ይኖር ይሆናል ብሎ።

"የየሻረግ ልጅ ነዋ! ሌላ የቱ አለ?" ድምፃቸው ተሰበረ። "ጓደኛው ታፈረ ቆስሎ ትናንት ኩልመስክ ገባ። አብሮት ነበር፤ በገዛ እጁ ነው የቀበረው። ከዚህ ወዲያ ምን ጥርጥር አለ? የደሳለ እህት ሰርካለም ዛሬ ማምሻውን ከኮን ትደርሳለች። ነገ ጎህ ሲቀድ እናቱን እናረዳታለን። አደራ መልአኩ! ለጥላህም ትንፍሽ እንዳትል።"

መልአኩ ደንበኞች የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሻረግ!

የሻረግን ላስታ ያውቃታል። ከአሸተን ማርያም ሥር፣ ገደሉን ተደግፎ ባለው ሰፈር ነው ቤቷ። ባሏ የሞተ ዓመት፣ ሴት ሞፈር ጨበጠች ብሎ ሰው ጉድ ሲል፣ እሷ በሬዎቿን ጠምዳ ገብሷን ዘርታ ደሳለንና ሰርካለምን አሳድጋለች። ሳቋ ከማዶ ይሰማል። መልአኩ ደግሞ ከእንጀራው ሥራ ሌላ የልቡ ሥራ አለው፤ ማንም ሳያዘው ካሜራውን አንግቶ ገደል ለገደል እየዞረ የላስታን ሰው ፊት ያነሳል። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች አይተውለት፣ አዳራሽ እንሰጥሃለን፣ በትልቁ አትመን ግድግዳ ላይ እንሰቅልልሃለን ብለውታል። ከዚያ ሁሉ ፊት መሃል አንድ ፊት ይጎድለኛል ይል ነበር፤ የየሻረግ ፊት፣ ስትስቅ። ስንቴ ለመናት! "ሂድ ወዲያ!" ትለዋለች። "ለማላውቀው ሰው ግድግዳ ፊቴን አልሰጥም። እዚያ ቆሜ ለማንም ስገለፍጥ ልኖር ነው?"

ቄሱ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አሳዩት። ሁለት ወጣቶች ዩኒፎርም ለብሰው፣ ፀሐይ ዓይናቸውን አጥብባው ቆመዋል፤ የታፈረ እጅ ደሳለ ትከሻ ላይ ነው።

"ታፈረን አውጣና እሱን ብቻውን አስቀርልኝ።"

"ኮት ላልብሰው?"

ቄሱ ትንሽ አሰቡ። "ተወው፣ እንዳለ ይሁን። ኮት ለብሶ አያውቅም ልጁ። እናቱ ደግሞ ልጄን ለወጣችሁብኝ ትላለች።"

እሳቸው እንደሄዱ ጄኔሬተሩ፣ ያ ሰነፍ፣ በአንድ ጉተታ ተነሳ። መልአኩ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ታፈረን ቆርጦ ማውጣት ጀመረ። ፊቱን አወጣ፣ ደረቱን አወጣ፣ ክንዱን አወጣ። ጣቶቹ ብቻ ቀሩት። ደሳለ ትከሻ ላይ የተደረደሩት ጣቶች ከዩኒፎርሙ መዥጎርጎር ጋር ተቀላቅለው አልለይ አሉት፤ ትንሽ በትንሽ እየፋቀ ሳለ ጄኔሬተሩ ማሳል ጀመረ። ቤንዚኑ እያለቀ ነው! ቤንዚን ደግሞ ያኔ ከጠበል ይወደዳል። አሁን ካላተመ ነገ አይደርስም። "ኧረ በሞትኩት!" አለና ማተሚያውን ነካው። የቀረችው ትልቅ ወረቀት ያቺ ብቻ ነበረች፤ ወረቀቷ ወጥታ እንዳበቃች ቤቱ ጨለም አለ። ደሳለ ብቻውን ቆሟል። ትከሻው ላይ ግን አራት ጣቶች፣ ባለቤት የሌላቸው ጣቶች፣ ቀርተዋል።

ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ አለ በሆዱ። ትልቅ ፍሬምም የቀረው አንድ ነው። ቡናማ እንጨት፣ ዙሪያውን የወይን ሐረግ የተፈለፈለበት፣ አንድ ጠርዙ የተፋቀ። አውርዶ አቧራውን እየጠረገ ሳለ ከደጅ ድምፅ መጣ።

"ቤቶች! ኧረ ቤቶች! ሰው የለም እንዴ?"

መልአኩ ፍሬሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያንን ድምፅ ማን ያጣዋል? ፎቶውን ገለበጠው፤ ቢገለብጠውም አላመነም፤ ጥቁሩን ኮት ከመስቀያው ነጥቆ ላዩ ላይ ጣለበት።

የሻረግ ገባች። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ከባሏ ሐዘን ወዲህ ያቺን ቀሚስ ማንም አላየባትም። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ዓይኗን ተኩላለች። በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ይዛ አየችው።

"ምነው ፈዘዝህ? ጅብ ገባብህ እንዴ?"

"የ... የለም እትዬ የሻረግ። ደህና ነዎት?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። በል አሸንፈኸኛል፤ አንሳኝ!"

"ምን?"

"አንሳኝ እንጂ! ስትለምነኝ ኖረህ ዛሬ ትኮራብኛለህ? ነገ ማለዳ ለግንባር ስንቅ የሚያደርስ መኪና ይወጣል አሉ። በሶውን ፈጭቼ ጨርሻለሁ፤ ቋንጣውንም አዘጋጅቻለሁ። ፎቶዬን ከበሶው ላይ አድርጌ ልልክለት ነው። ሰው እኮ አፉ ክፉ ነው፤ እናትህ ጠውልጋለች፣ ከስታለች ብለው ነግረውት ይሆናል። ያየኛ! ስስቅ ያየኛ!"

መልአኩ ወደ ጄኔሬተሩ ጠቆመ። "እትዬ፣ ዛሬ እኮ... ጄኔሬተሩ ጠፍቶብኛል። ማተም አልችልም።"

"አንተ አንሳኝና ተወው። ማታ ቤንዚን ፈልገህ ታትመዋለህ። እኔ ነገ ሳይነጋ ወርጄ፣ ከዚሁ ተቀብዬ ወደ መኪናው እሮጣለሁ።"

ነገ ሳይነጋ። ምን ሊላት ነው? እምቢ ቢላት ትጠረጥራለች፤ የሻረግ ሞኝ አይደለችም። እሺ ቢላት ደግሞ... እግዚኦ! ካሜራውን ለመፈለግ መስሎ ፊቱን አዞረ።

እሷ ቤቱን ትዞራለች። የኋላ መጋረጃው ላይ የተሳለውን ፏፏቴ አይታ "ይሄን ውሃ አንሳልኝ፤ ደሳለ ሰምጣለች ብሎ ይደነግጣል" አለች። ከዚያ ጠረጴዛው ዘንድ ደረሰች። ኮቱን አየችው፣ አለፈችው። ፍሬሟ ላይ እጇን አሳረፈች።

"ውይ ስታምር! ይቺን ለእኔ አድርጋት።"

"የሰው ናት" አለ መልአኩ፣ ፈጠን ብሎ።

"የማን?"

አሁንስ? አፉ ላይ የመጣለትን ተናገረ። "ሰርግ አለ። የሰርግ ናት።"

"እሰይ!" አለች የሻረግ፣ ፊቷ በራ። "በዚህ ዓመትም የሚያገባ አለ? ተመስገን ነው። የማን ልጅ ነው?"

"አያውቁትም።"

"ባላውቀውስ! ይስመርለት። እናት አለችው?"

"አለችው።"

"እንኳን ለዚህ አበቃሽ በልልኝ። የደሳለዬንም እንደዚሁ ያሳየኝ።" ጣቷን በጠርዙ ላይ አስኬደች፤ የተፋቀው ቦታ ስትደርስ ቆመች። "ይቺን ግን ቀለም ንካት። ለሙሽራ እንዲህ ያለ አይሰጥም፤ ነውር ነው።"

"እነካታለሁ" አለ መልአኩ።

በሩ አጠገብ፣ የውጭ ብርሃን ፊቷን በሚያገኝበት ቦታ አቆማት። ሌላ ጊዜ ደንበኛ ፈገግ እንዲል የሚያወራው ቀልድ አያልቅበትም ነበር፤ ያን ቀን አንድም አልመጣለት። ግን ምን ያደርጋል፣ የሻረግ አሳቂ አትፈልግም፤ ራሷ ጀመረች።

"ደሳለ ዲያቆን ሆኖ የመጀመሪያው ንግሥ ቀን የሆነውን ነግሬህ አውቃለሁ? አሸተን ላይ ነው። ልጁ ያኔ ክንድ አይሞላም፤ ያንን ትልቁን የቤተ ክርስቲያን ጥላ አሸከሙት። የአሸተንን ነፋስ ታውቀዋለህ። ታቦቱ ወጥቶ እልል ሲባል ነፋሱ መጣና ጥላውን ይዞት ተነሳ! ልጄ ጥላውን አልለቅም ብሎ ጥብቅ! እግሩ ከመሬት ተነስቷል እኮ! 'እማዬ እየበረርኩ ነው! እማዬ ወደ ሰማይ ልሄድ ነው!' ይላል። ገብረ ሊባኖስ ማዕጠንቱን ጥለው በቀሚሱ ጎትተው አወረዱት። ወርዶ ምን አለ መሰለህ? 'አባቴ ምነው አስቀሩኝ፣ ልደርስ ነበር እኮ!'"

ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። መልአኩ ጣቱ ብቻውን ተጫነ።

ካሜራው ጀርባ ላይ የወጣውን ምስል ሲያይ ልቡ ዘለለች። ይቺ ናት! ዕድሜ ልኩን የፈለጋት ፎቶ ይቺ ናት። ወዲያው ደግሞ ያ ደስታው እንደ ሬት መረረው። የሞተ ልጅ በኮት ተጋርዶ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ እሱ እናቱን እያሳቀ ያነሳል! ሰው እንዲህ ይሆናል?

"ወጣሁልህ?" አለች።

"ወጥተዋል እትዬ። በጣም ያምራሉ።"

"በል ነገ" አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ከሰው ጋር ስትሳሳቅ ድምፅዋ ለረጅም ጊዜ ተሰማው።

ማታ መልአኩ የተፋቀውን ጠርዝ በቡናማ የጫማ ቀለም ነካው። ለምን እንደነካው ለራሱም አልገባውም። አደራ ብላዋለች፣ በቃ።

ሌሊቱ ሳያልቅ ፍሬሟን በጋቢ ጠቅልሎ ዳገቱን ወጣ። የሻረግ ቤት አጠገብ ያለው የጎረቤት ቤት ሰው ሞልቶታል፤ አንድም ሰው አይነጋገርም። ሰርካለም ጥግ ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅዋ እንዳይወጣ ሁለት ሴቶች ይዘዋታል። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊት ይደግማሉ።

እዚህ ላይ ነው መልአኩ የተሳሳተው። የሻረግ ሳይነጋ ወደ ከተማ እንደምትወርድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ተኝታለች ብለው ወገግ እስኪል ይጠብቃሉ። መናገር ነበረበት። ሁለቴ አፉን ከፈተ። ግን መኪናውን ካነሳ በሶውን ሊያነሳ ነው፤ በሶውን ካነሳ ፎቶውን፤ ፎቶውን ካነሳ ደግሞ ልጅቷ ፊት፣ ያቺ ነጠላዋን የምትነክስ ልጅ ፊት፣ "እናትሽን ትናንት አሳቅኋት" ሊል ነው። አፈረ። አፍሮ ዝም አለ። አሁን ይነጋል፣ ትንሽ ናት የቀረችው ብሎ ራሱን አታለለ።

ምሥራቁ ሲገረጣ ቄሱ ዳዊታቸውን አጠፉ። "መልአኩ፣ አንተ ፎቶውን ይዘህ በታች በኩል ዙርና ከአጥሩ ሥር ቆይ። ካረዳናት በኋላ ስንጠራህ ትገባለህ። አሁን እንዳታይህ።"

በታች በኩል ዞረ። ጤዛው እግሩን አራሰው። ፍሬሟን ደረቱ ላይ አቅፎ የአጥሩን በር ሊያልፍ አንድ እርምጃ ሲቀረው በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

የሻረግ ናት። ያችኑ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ የበሶውን ከረጢት በጀርባዋ አዝላ፣ መንገደኛ ሆና ቆማለች። አየችውና አፏ ተከፈተ።

"እንዴ! መልአኬ! አንተው ይዘህልኝ መጣህ?"

"እትዬ የሻረግ..."

"አንተ ልጅ! ይሄን ዳገት በጨለማ! እኔ ልወርድልህ አልነበር?" ከረጢቷን መሬት አወረደች፤ እጇን ዘረጋች። "በጋቢ ጠቅልለህ! ፍሬምም አስገባህልኝ?"

"አይ... ቆይ እትዬ፣ ቆይ!"

"ምን ቆይ ትለኛለህ፣ መኪናው ይሄድብኛል!" የጋቢውን ጫፍ ያዘች። መልአኩ ወደ ራሱ ጎተተ። እሷ ደግሞ ጎተተች፤ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች። "አምጣ! ኧረ አምጣ እንጂ! የራሴ ፎቶ አይደል፣ ምን ያስደብቅሃል?"

ጋቢው ከአንዱ ጠርዝ ተንሸራተተ። የወይን ሐረጉ ብቅ አለ።

"ይቺ ትናንት የወደድኳት አይደለችም? ለሰርግ ናት አላልከኝም? ይኸው ለእኔ ሰጠኸኝ! ጠርዟንም ቀለም..." ጣቷን አስኬደችበት። ጣቷ ቡናማ ሆነ። "ነካሃት" አለች፣ ደስ ብሏት። ከዚያ የቀረውን ጋቢ ገለጠችው።

ደሳለ ፀሐይ ዓይኑን አጥብባው ያያታል።

የሻረግ ፎቶውን አየች፤ መልአኩን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች። በላይ በኩል ቄስ ገብረ ሊባኖስና ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ወደ በሯ ሲመጡ፣ ከኋላቸው ሰርካለምን ሴቶች ደግፈዋት አየች። ኮን ያለችው ልጇ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ትሠራለች? ሰዎቹም እሷን አጥሩ በር ላይ አይተው ደርቀው ቀሩ። የሚያረዳት ቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያዘጋጁት ያደሩት ቃል፣ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

"ሰርግ ነው አልኸኝ እኮ" አለች የሻረግ፣ ቀስ ብላ። "መልአኩ፣ ሰርግ ነው አልኸኝ።"

"እትዬ..."

"ሰርግ ነው አልኸኝ!" ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ፍሬሟን ከእጁ ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሴቶቹ ሮጠው ሲደርሱ በጉልበቷ ተንበርክካ ነበር። ወዲያው ሙሾው ከዚያችው ቃል ወጣ፤ ማንም ሳያወርድላት ራሷ አወረደችው።

"ሙሽራዬ ደሳለ፣ ሰርግህን ሳልሰማ፣
ፍሬምህን መረጥሁ ቀለሟ እንዲስማማ፤
እልል ብዬልሃለሁ እናትህ ሳልረዳ፣
ምራቴ መሬት ናት፣ ያልታወቀች እንግዳ።"

ሰፈሩ ሁሉ ተነቅሎ ወጣ። ቄስ ገብረ ሊባኖስ ጥምጥማቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ። መልአኩ ጋቢውን በሁለት እጁ እንደያዘ አጥሩ ሥር ቆሞ ቀረ። የበሶው ከረጢት በግርግሩ ተረግጦ ተፈትቶ ነበር፤ ዱቄቱ የለቀስተኛውን እግር ነጭ አደረገው።

ከዚያ ወዲህ አገር ምኑን ይተወዋል? "ፎቶ አንሺው ነው ያረዳት" ተባለ። ጠበል ቦታ ተባለ፣ ወፍጮ ቤት ተባለ። ቄሱ አንድ ቀን መጥተው "እንደምትወጣ ታውቅ ነበር?" ብለው ጠየቁት። "አውቅ ነበር" አለ። "ለምን?" አሉት። "አፍሬ አባቴ።" ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ፤ አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

የሚስቀውን ፎቶ ግን በየቀኑ ያየዋል። ካሜራውን ይከፍታል፣ ያየዋል፣ ይዘጋል። ካነሳው ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው፤ ለአዲስ አበባው አዳራሽ ቢልከው ግድግዳው ሙሉ የሚሆነው በዚያ ነው። ይህን በማሰቡ ራሱን ይጠላል። በመጨረሻ ቆረጠ። ሄጄ እሷው ፊት አጠፋዋለሁ አለ፤ ትርገመኝም፣ ትምታኝም።

የሻረግን ጸጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ፍሬሟ ፊት ለፊቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ሰርካለም ስታየው ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ገባች። መልአኩ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባ" አለች የሻረግ። "ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ከዚያ እሷ ወደ ፎቶው ጠቆመች።

"ይሄ እጅ የማን ነው?"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። መፋቅ ነበረብኝ። ቤንዚን አልቆብኝ፣ ወረቀትም..."

"የማን ነው አልኩህ?"

"የታፈረ። አብሮት የተነሳው እሱ ነው።"

"የቀበረልኝ?"

"አዎ።"

የሻረግ ተነስታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ በመስተዋቱ ላይ፣ በጣቷ ነካቻቸው።

"እንኳን አልፋቅኸው" አለች። "ማታ ማታ ተኝቼ፣ ልጄ ብቻውን ወድቆ ነው ብዬ ሳስብ ነው የሚነጋው። ይኸው ሰው ይዞታል።" መልሳ ተቀመጠች። "ያቺንስ ምን አደረግሃት?"

"የቷን?"

"ያቺን የምትስቀዋን።"

መልአኩ ካሜራውን ከቦርሳው አወጣ። "አለች እትዬ። ላጥፋት ብዬ ነው የመጣሁ፤ እዚሁ ፊትዎ። አውቄ ነው ያሳቅሁዎት። እያወቅሁ።"

"አምጣት።"

ከፍቶ ሰጣት። ካሜራውን ዓይኗ አጠገብ አስጠግታ አየች። ጥልፍ ቀሚሷን፣ የተሠራ ጸጉሯን፣ ደረቷ ላይ ያለውን እጅ፣ ያንን የተከፈተ አፍ አየች። አላለቀሰችም። እንደ ጎረቤት ልጅ፣ ስሟን እንደረሳችው ሰው አድርጋ ነው ያየቻት።

"ላጥፋት?" አለ መልአኩ።

"እንዴት ታጠፋታለህ!" አለች የሻረግ፣ ካሜራውን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ። "ምን አደረገች እሷ? እሷ እኮ ገና ልጅ አላት።"

መልአኩ እንባው መጣ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

"እዚህ ግን አታምጣብኝ" አለች ቀጥላ። "ከእኔ ጋር አንድ ቤት አትኖርም። ያ አዲስ አበባ ያልከኝ ቦታ፣ ግድግዳው፣ አሁንም አለ?"

"አለ እትዬ።"

"ወስደህ እዚያ ስቀላት።" ካሜራውን መለሰችለት። "ማንም የማያውቃት ቦታ ትኑር። እዚያ በሯን የሚያንኳኳ የለም።"